አንድ ሙያ በሁለት ሚዛን፦ ባህልን እንዴት እናነጻጽር?

ባህል ሲባል ብዙዎቻችን ጭፈራን፣ አለባበስንና ምግብን እናስባለን። እነዚህ ግን የባህል ገጽታዎች እንጂ ሁለንተናው አይደሉም። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ እምነትንም ሕግንም ዕውቀትንም በባህል ውስጥ አካትቷል። የትርጉሙ ዋና ቁም ነገር፣ የዓይናችንን ቀለም ከወላጆቻችን በዘር ስንወርስ ባህልን ግን ከኅብረተሰቡ በመማር የምናገኘው መሆኑ ነው። ምን እንደሚያስከብርና ምን እንደሚያዋርድ እንኳ የምናውቀው ተምረን ነው።

ይህን ለመረዳት በቅርባችን ያለ ምሳሌ እንውሰድ። ከሴቻ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚጓዝ መንገደኛ ዳገቱን ሲወጣ ዶርዜን ያገኛል። በዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች እግራቸውን ከጉድጓድ አስገብተው መወርወሪያውን እያመላለሱ ሸማ ይሠራሉ። በሰሜን ኢትዮጵያም የሥራ ክፍፍሉና መሣሪያው ተመሳሳይ ነው። ለሙያው የተሰጠው ዋጋ ግን ለየቅል ነበር። በዶርዜ ሽመና አባት ለልጁ በኩራት የሚያወርሰው ሙያ ሲሆን፣ በሰሜን ሸማኔው ይሰደብበት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔን፣ ብረት ቀጥቃጭንና ሌሎች ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

ሙያው አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከተለያየ፣ ምክንያቱን ከሙያው ውጭ መፈለግ ይኖርብናል። በጎንደር አካባቢ የርስት መብት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል በሽመና፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በጋሞ ደጋ ግን ሽመናን ከእርሻው ጋር አጣምሮ የያዘው ባለ መሬቱ ራሱ ነው። እንግዲህ ንቀቱ የተከተለው የሠሪውን የመሬት መብት ይመስላል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥተን «የጋሞ ባህል ይበልጣል» ብንል እንሳሳታለን። በዚያው በጋሞ፣ ማላ የሚባሉት ባለ መሬቶች ከሸክላ ሠሪዎችና ከቆዳ ፋቂዎች ጋር አይጋቡም ነበር፤ እነዚህ ባለሙያዎች የመሬት ባለቤትነትም ተነፍጓቸው ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬቱን በር ከፈተላቸው። የጋብቻው አጥር ግን በአዋጅ ብቻ የሚፈርስ አልሆነም።

ስለዚህ ንጽጽር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ መላውን ሕዝብ ከመላው ሕዝብ ጋር ሳይሆን አንድን ልማድ ከአቻው ጋር ማስተያየት፤ ሁለተኛ፣ ልማዱ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ያንኑ ጥያቄ ለራስ ባህልም ማቅረብ። የሌላውን ልማድ በራስ ልማድ ብቻ መፍረድ ወገንተኝነት ነው። ልማድ ስለሆነ ብቻ በደልን ማለፍም ዕውቀት አይባልም።

በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። አንዱ በቤቱ ሲከበር ያየው ሙያ በሌላው ቤት ሲናቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይህን ቢነጋገሩበት፣ ንቀቱ ከሥራው ባሕርይ የመነጨ ሳይሆን ሰዎች የተማሩት መሆኑን ይገነዘባሉ። የተማሩትን ደግሞ መተው ይቻላል።