የልጅ ልጄ ቱርቦ

ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ዝናቡ ሲወርድ እዚያ ሙቀቱ ሲያነድ፣ ሦስት ወር የቆየሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ ልጇ ጋ ስትሄድ ሥራዋ የታወቀ ነው፤ እንጀራ መጋገር፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ደም ግፊት መለካት፣ ቅዳሜ ለቅሶ መድረስ። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ባትሪ ይዤ በማብራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃያ ዓመቱ የልጅ ልጄ ለኮሌጅ ክፍያ ከተቀመጠለት ገንዘብ 4,000 ዶላር አንስቶ፣ ለእናቱ ሳይነግር፣ የ2009 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ገዛ። ሱባሩ ሲባል የቤተሰብ መኪና ይመስላል፤ ይህቺ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ 265 የፈረስ ጉልበት የነበራት፣ ኮፋኖዋ ላይ አፍንጫ የመሰለ አየር መሳቢያ ያላት ፈጣን መኪና ናት። እቤት የደረሰችው ግን ሰማያዊ ጭስ እየተፋች፣ አቀበት ላይ እንደ አስም ታማሚ እያቃሰተች ነው። እናቱ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። እሱ ፊቷ ቆሞ እያለ፣ "እማዬ፣ እራት ቀርቧል በይው" ትለኛለች። በመጨረሻ የተስማሙት፣ መኪናዋ ኮሌጅ እስኪከፈት ከዳነች ተሸጣ ክፍያው ሊሸፈን፣ ካልዳነች ለቁራሌው ተሰጥታ እሱም ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ሊገባ ነው። ጋራዥ ለማሠራት ገንዘብ የለም። ስለዚህ እቤት ሊሠራት ቆረጠ።

ቱርቦ ምን እንደሚሠራ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማርሚታው ከመሄዱ በፊት አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ተሽከርካሪ ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበች ወደ ሞተሩ በግድ ታስገባለች። አየር ሲበዛ ነዳጅም ይጨመራል፣ ጉልበትም ይመጣል። እንደ አዲስ አበባ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ቱርቦ ያለው መኪና አቀበት ብዙ የማይከብደው ለዚህ ነው። ዘንጓ ግን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች፤ የምትንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ጊዜ ከጎደለባት ብረት ብረትን ይበላል።

የበሽተኛን አክታ ቀለም እንደምንጠይቅ ሁሉ የጭስም ቀለም ይጠየቃል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል፤ ጥቁሩ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ልጁ ከሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠውን የአየር ማቀዝቀዣ ሲያወርድ ውስጡ ዘይት አቁሯል። የቱርቦዋን ዘንግ በጣቱ ሲነካው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ።

እኔን ያሳሰበኝ መሞቷ ሳይሆን ለምን እንደሞተች ነበር። ምክንያቱን ሳያገኙ አዲስ መግጠም፣ ትኩሳት ማብረጃ ሰጥቶ ወባውን እንደ መተው ነው። ምክንያቱን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ለቱርቦዋ ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቡሎን ውስጥ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የወንፊት ማጣሪያ አለች። የፊተኛው ባለቤት ዘይት በጊዜው አልቀየረም መሰለኝ፣ ማጣሪያዋ በጥቁር አተላ ተደፍናለች። የደም ሥር መዘጋት ማለት ይኸው ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ይህችን ማጣሪያ ጨርሶ አውጥቶ ይጥላታል፤ እኛ በአዲስ ተካናት።

ቋንቋችን አንዳንዴ አልተገናኘም። እኔ የመኪና ዕቃ ስም የተማርኩት በክትባት ዘመቻ ጊዜ፣ ላንድሮቨር መንገድ ላይ ሲቆም ከሾፌሮች ነው። "ዳዶውን አቀብለኝ" ስለው "እማማ፣ ዳዶ ምንድነው?" ይለኛል። ጓርኒሲዮን፣ ፋሼታ፣ ካቻቢቴ... ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ሁሉ አስተማርኩት።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተደራደርኩም። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ አይገባም። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ክሪክ የከዳውን ሰው አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን ለቤተሰብ ገጽ አልጽፈውም። አራት የብረት ማቆሚያ ከጎረቤት ተዋስን።

ማውጣቱ አራት ቀን ፈጀ። የጭስ ቱቦው ዳዶዎች ለዓመታት በእሳት ተጠብሰው ዝገዋል፤ ማታ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እየረጨን እናሳድራለን፣ ጠዋት በትዕግሥት እንፈታለን። የወጣውን እያንዳንዱን ዳዶና ቡሎን በኬክ መጋገሪያ ትሪ ላይ ደርድሬ፣ በፕላስተር ስም ለጥፌ፣ ቁጥሩን በደብተር ጻፍኩ። ልጁ ሳቀብኝ።

አሮጌዋ ቱርቦ ከወጣች በኋላ ስቆጥር፣ ከታችኛው የጭስ ቱቦ ሦስት ዳዶዎች ሁለቱ ብቻ ናቸው ያሉት። "ጥግ ላይ ወድቆ ይሆናል፣ አዲስ ዳዶ አለኝ" አለ። አዲሷን ቱርቦ በእጁ ይዟታል፤ በጋውን ሙሉ ምግብ ሲያመላልስ ያጠራቀመው 900 ዶላር ናት።

ከዚህ በፊት ለማንም ብዙ ያላወራሁትን የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። ወጣት ሆኜ ኦፕሬሽን ክፍል ስሠራ፣ አንድ ሌሊት የጎዝ ቆጠራችን አንድ ጎደለ። ሐኪሙ ቸኩሏል፣ "ወለል ላይ ይሆናል" አለ። እኔ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ በሳምንቷ እንደገና ተከፈተች። ተርፋለች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር የተውኩት ነገር የለም። ልጁ አዲሷን ቱርቦ ጨርቅ ላይ አስቀመጣት።

ወለሉን ጠረግን፣ ከመኪናዋ ሥር ተሳብን፣ ጫማችንን ሳይቀር አራገፍን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ማግኔት ያለው ዘንግ በተከፈተው የጭስ ቱቦ አፍ ውስጥ ሲሰድ "ጠቅ" አለ። ቀዳዳውን በጨርቅ ከመድፈናችን በፊት ወደ ውስጥ ሾልኮ ኖሯል። ሞተሩ ቢነሣ ኖሮ ጋዙ ዳዶውን ተሸክሞ ከአዲሷ ተሽከርካሪ ጋር ያላትመው ነበር። ልጁ ምንም አልተናገረም። ደብተሬን ወስዶ "3" ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ።

የቀረው ጭንቀት ሞተሩ ራሱ ነበር። ከተበላች ቱርቦ የወጣ የብረት ብናኝ በዘይቱ ተጉዞ ብሮንዚናዎቹን ሊበላ ይችላል። ዘይቱን አፍስሰን በነጭ ጎዝ አጠለልነው፤ ጥቂት የሚያብለጨልጭ ነገር አየን። የዘይት ገንዳውን አውርደን አጠብን፣ የዘይት መሳቢያውን ቱቦ ለስንጥቅ መረመርን፤ ደህና ነው። አዲስ የመዳብ ዋሸር፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገባ። ለቱርቦዋም ከመገጠሟ በፊት ንጹሕ ዘይት በቀዳዳዋ አፍስሰን በእጅ አሽከረከርናት። ከዚያም ነዳጅ እንዳይደርስ አድርገን፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ ደጋግመን አዞርነው።

ከማስነሣታችን በፊት የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እዚህ ቤት ዘግተው ከሰል ሲያነዱ የሚገድለው እሱው ነው።

ቁልፉን አዞረ። ተነሣች፤ ወዲያውም ሰፈሩን በጭስ ሞላችው። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ማርሚታው ውስጥ የቀረው የድሮ ዘይት እየነደደ መሆኑ የገባን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጭሱ እየሳሳ ሲጠፋ ነው። እናቱ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። "አትጨስም እኮ" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

እዚህም አይሱዙ ወይም ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ የምትነዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባይ በረሃን ወጥታችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ይሥራ፤ የጋለችው ቱርቦ ዘይት እየዞረባት ትቀዝቅዝ። ዘይትም በጊዜው ቀይሩ፤ ከቱርቦ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከ500 ማይል በኋላ ዘይቱን እንደገና ቀየርነው። በጎዝ ሳጠልለው ምንም የሚያብለጨልጭ አልነበረም። ጎዙን ለልጄ ወስጄ አሳየኋት፤ ምን እንደሆነ ባይገባትም ረጅም ጊዜ አየችው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ደውዬ "መኪናዋ ተሸጠች?" አልኩ። አልተሸጠችም። ክፍያውን እናቱ ከፍላለች፣ እሱ በየወሩ 200 ዶላር ይመልስላታል። እሷም የራሷ መኪና ሰርቪስ የገባች ቀን ሱባሩዋን ነድታ ሥራ ሄዳ ነበር። "እንዴት ናት?" ብላት፣ "ትፈጥናለች፣ እማዬ" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።