ሰምቶ መታዘዝ፦ የክርስቲያን የደስታ መንገድ

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 13፥1-17



እናት ስለ ልጇ «ይህ ልጅ እኮ አይሰማም!» ስትል ጆሮው ደንቁሯል ማለቷ አይደለም። ልጁ ሰምቷል፤ ግን አልታዘዘም። በቋንቋችን «ሰማ» ማለት «ታዘዘ» ማለትም ነው። ብሉይ ኪዳን በተጻፈበት በዕብራይስጥ ቋንቋም «ሻማዕ» የሚለው ቃል እንዲሁ መስማትንም መታዘዝንም አንድ ላይ ይይዛል። እንግዲህ በየእሑዱ ስብከት እየሰማን፣ በየስልካችን መዝሙርና ትምህርት እየጫንን «ደስታዬ ወዴት ሄደ?» የምንል ከሆነ፣ አስቀድመን ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ በእርግጥ ሰምተናልን?

1. ብፅዕና ያለው በማድረግ ውስጥ ነው

ጌታ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ከመካከላቸው ማን ታላቅ እንደሆነ ይከራከሩ ነበር (ሉቃ. 22፥24)። እርሱ ግን ከእራት ተነሥቶ እግራቸውን አጠበ። ይህ ነገር ለእኛ ለወሎ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በገራዶና በአካባቢው ገጠር ያደገ ሰው፣ ደክሞት ለመጣ እንግዳ ውኃ ቀርቦ እግሩ ሲታጠብ ያውቃል። ለማጠብ የሚጎነበሰው ግን ከቤቱ ታናሽ የሆነው እንጂ አባወራው አይደለም። ጌታችን የያዘው ያን የታናሹን ቦታ ነው።

ከዚያም በቁጥር 17 ላይ፣ ይህን ማወቃቸው ብቻ እንደማይበቃና ብፁዓን የሚሆኑት ሲያደርጉት እንደሆነ ነገራቸው። «ብፁዓን» የተባለው የግሪክ ቃል «ማካሪዮይ» ነው፤ በተራራው ስብከት (ማቴ. 5፥3-11) የምናገኘው ያው ቃል ነው። ይህ ኪስ ሲሞላ መጥቶ ኪስ ሲጎድል የሚሄድ ስሜት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ሞገስ ሥር የመኖር ደስታ ነው። ያዕቆብም ቃሉን ሰምቶ የማይረሳው ሰው የሚባረከው በሥራው እንደሆነ ይናገራል (ያዕ. 1፥25)።

2. መታዘዝ የደስታ መግዣ ዋጋ አይደለም

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። የመጀመሪያው፣ በመታዘዛችን ድነትን የምናገኝ መምሰሉ ነው። የዳንነው በጸጋ ነው፤ መልካሙ ሥራ የሚከተል ፍሬ ነው (ኤፌ. 2፥8-10)። በዮሐንስ 15፥9-11 ያለውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦ በመጀመሪያ ፍቅሩ፣ ቀጥሎ ትእዛዙን መጠበቅ፣ ከዚያም የደስታ መፈጸም። ልጅ አባቱን የሚታዘዘው ልጅ ለመሆን ሳይሆን ልጅ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «ታዘዝ፣ ቤትና መኪና ይሰጥሃል፤ መከራም አይነካህም» የሚለው ትምህርት ነው። ጌታ ግን የሁለቱን ቤቶች ምሳሌ ሲናገር ዝናቡና ጎርፉ በሁለቱም ላይ እንደመጣ ገልጿል (ማቴ. 7፥24-27)። በጦሳ ተራራ ሥር የምንኖር፣ ቦርከና በክረምት ሲሞላ የምናይ ሰዎች ይህ ምሳሌ በቀላሉ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አማኙም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ተሰዷል፤ አብሮም አልቅሷል። የመታዘዝ በረከት ማዕበል አለመምጣቱ አይደለም፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የሚቆም ነገር መኖሩ ነው።

3. ጥቂት አውቀው ብዙ የታዘዙ

በአገራችን የሆነውን እናስብ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በወላይታ ሥራ የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በእጃቸው የነበረውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነበር።

እነዚህ ሰዎች ግን የሰሙትን አደረጉ። ተዋደዱ ሲባሉ ተዋደዱ፤ መስክሩ ሲባሉ ከመንደር መንደር ሄዱ። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታሰሩ፤ ተገረፉም። ወገኖቻቸው በሶዶ እስር ቤት ለነበሩት ምግብ እየተሸከሙ ይወስዱላቸው ነበር፤ ይህን ፍቅር ያዩ ጎረቤቶችም ተደነቁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት 10,000 ያህል አማኝ ነው። ያን ሕዝብ በመከራ ውስጥ ያቆመው የእውቀት ብዛት አልነበረም፤ ያወቁትን ጥቂት ቃል በእግዚአብሔር መንፈስ ኃይል መኖራቸው ነው። እኛ ዛሬ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ደስታችንስ?

4. ዛሬ በእኛ ቤት

ወገኖቼ፣ መታዘዝ የሚፈተነው በጉባኤ መካከል «አሜን» ስንል ብቻ አይደለም። የገበሬው ፈተና እርሻው ዳር ላይ ነው፦ በየዓመቱ አንድ ትልም እያለ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቷልን (ዘዳ. 19፥14)? የነጋዴው ፈተና ሚዛኑ ላይ ነው (ምሳ. 11፥1)። የእመቤቲቱ ፈተና የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ነው (ያዕ. 5፥4)። የዘማሪው ፈተና ደግሞ መድረክ ላይ አጠገቡ የቆመው፣ የተቀያየመው ወንድሙ ነው (ማቴ. 5፥23-24)።

እነዚህን መታዘዝ በመጀመሪያ ያማል፤ ገንዘብ ያጎድላል፤ ክብርን ይነካል። ነገር ግን ሁለት ባለጠጎችን አስተያዩ። አንዱ የጌታን ቃል ሰምቶ ሀብቱን እንደያዘ እያዘነ ሄደ (ማቴ. 19፥22)። ዘኬዎስ ግን ጌታን በደስታ ተቀበለው፤ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቆረጠ (ሉቃ. 19፥6-8)። ሀብቱ ሳይነካ የቀረው ደስታውን አጣ፤ ኪሱ የጎደለው ግን መዳን ወደ ቤቱ ገባ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሌላ አዲስ መገለጥ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ጌታ አስቀድሞ የተናገራችሁንና እስከ ዛሬ ያቆያችሁትን አንድ ነገር አስቡ። ይቅርታ ከሆነ ሂዱና ታረቁ፤ ዕዳ ከሆነ ክፈሉ፤ ድንበር ከሆነ መልሱ። ጉልበት ቢያንሳችሁ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና (ፊልጵ. 2፥13) በጸሎት ለምኑት።

ጌታ የሰማነውን የምናደርግ ያድርገን። አሜን።