ስሜንን እነማን ጻፉት?
ለምሩቃን መጽሔት አዘጋጆችና ጸሐፊዎች የቀረበ ዳሰሳ

የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መጽሔት ትልቁ ሀብቱ የጸሐፊዎቹ መለያየት ነው። በአንድ ግቢ ተምረው የወጡ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ብዕር ሲያነሡ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ ዳኛ፣ ሌላው የግብርና ባለሙያ፣ ሌላዋ በባሕር ማዶ አረጋውያንን የምትጦር ሆነው ነው። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ገና ወጣቶች ናቸው። ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን መሠረቱ ከሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ ያስተማራቸው ብዙ ትውልዶች አሉት። ሁለቱም ስለ ስሜንና ስለ ግርጌው ሊጽፉ ሲነሡ ቀድመዋቸው የጻፉትን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ይህ ዳሰሳ ደባርቅን፣ ዳባትንና ተራሮቹን በጽሑፍ ያቆዩልን ሰዎች ከየት እንደመጡ፣ ሙያቸው ምን እንዳሳያቸውና ምን እንደሰወረባቸው ይቃኛል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተ ክህነት ብዕር

ቀዳሚዎቹ የቤተ ክህነት ምሁራን ናቸው። የዐፄ ሠርጸ ድንግል ዜና መዋዕል ንጉሡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስሜን አምባዎች ላይ ከቤተ እስራኤል መሪዎች ጋር ያደረጉትን ጦርነት በግዕዝ ይተርካል። ጸሐፊው ከንጉሡ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ከምርኮ ይልቅ ገደል መግባትን ስለመረጠች ሴት በአድናቆት መዝግቧል። ሆኖም የአምባው ሰዎች በራሳቸው ቃል ምን እንዳሉ አናገኝም። ድምፃቸው የደረሰን በድል አድራጊው ጸሐፊ በኩል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፈ። ደጃዝማች ካሣ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት 1855 ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነበር። ለዚህ ዘመን ጸሐፊ ከዘነብ የሚገኘው ትምህርት ቋንቋው ነው። ቤተ ክህነት ያሳደገው ሰው በግዕዝ መጻፍ ሲችል ሰው በሚናገርበት በአማርኛ በመጻፉ ሥራው ዛሬም ያለ አስተርጓሚ ይነበባል።

መንገደኞችና ሰብሳቢዎች

ከውጭ የመጡት ደግሞ ሌላ ዓይን ይዘው መጡ። የወይን ነጋዴ፣ ኋላም በአልጀርስ ቆንስል የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ወደ ጎንደር አለፈ። በ1830ዎቹ ከፍራንክፈርት ባለሀብት ቤተሰብ የተወለደው ኤድዋርድ ሩፔል መጥቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀ። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም የስሜንን ስም የያዘው በእሱ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 መጥቶ ከስሜንና ከትግራይ እየሰበሰበ ያደረቃቸው ዕፅዋት ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። እሱ ግን ከአገሬው ተጋብቶ በ1878 እስኪሞት ኖረ።

እነዚህ ሰዎች እንስሳውንና ዕፅዋቱን በጥንቃቄ መዝግበዋል። ገደሉን እየመሩ ያወጧቸውን፣ የአራዊቱንና የዕፅዋቱን የአገር ስም የነገሯቸውን ሰዎች ስም ግን እምብዛም አላኖሩልንም። ዋልያ የሚለውን ስም ሩፔል ያገኘው ከአገሬው ነው፤ ስሙ በሳይንስ ሲቀር ነጋሪው አልታወቀም።

በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ከበቅሎዋ ጋር ስሜንን አቋርጣ በ1968 መጽሐፏን አወጣች። መርፊ እናቷን ለማስታመም በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት ናት። ለምሩቃን መጽሔት አዘጋጅ ይህ ትልቅ ማስታወሻ ነው፤ ጥሩ ጸሐፊ ለመሆን ዲግሪ ቅድመ ሁኔታ እንዳልሆነ ታስታውሰዋለች።

በፓርኩ የዋሉት

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ሲቋቋም የሥራ ሰዎች ጸሐፊ ሆኑ። ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል ቀድሞ በአርክቲክ የሠራ፣ በጃፓን ካራቴ የተማረ ወጣት ነበር። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ ዋርደን ሆኖ ያየውን መጽሐፍ አደረገው፤ ኋላም በጃፓን ስመ ጥር ጸሐፊ ሆነ። የስዊዘርላንዱ የጂኦግራፊ ሰው ሃንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ አጋማሽ በዚያው ፓርክ ዋርደንነት ሲሠራ ዓይኑ አፈሩ ላይ አረፈ። በገደላማ የገብስ ማሳ የሚታጠበውን አፈር ለካ፤ ከ1981 ጀምሮም በመላ አገሪቱ የአፈር ጥበቃ ምርምር መሪ ሆነ። የአገሩ ልጅ በርንሃርድ ኒፈርጌልት በበኩሉ ዋልያን ተከታተለ።

ጭላዳንም ሁለት የተለያዩ ሰዎች አጥንተውታል። ፍልስፍናና ሥነ ልቦና የተማረው እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በፓርኩ ውስጥ በሳንቃበር የጭላዳን ቤተሰብ አኗኗር መረመረ፤ አንድ ሰው ጸንቶ ሊይዘው የሚችለው ወዳጅነት 150 ገደማ ነው በሚለው ሐሳቡ የታወቀው ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጃፓናዊው ማሳኦ ካዋይም ጭላዳን አጥንቷል፤ እሱ ደግሞ በብዕር ስም የልጆች መጻሕፍት ይጽፍ ነበር። አንድ እንስሳ ለአንዱ የሥነ ልቦና፣ ለሌላው የሥነ ፍጥረት ጥያቄ ሆነ። የጸሐፊው አስተዳደግና ትምህርት ጥያቄውን እንደሚወስን ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

የጤና ሰዎች

ከሁሉ ይበልጥ ወደ ሰው የቀረበው የጤናው ዘርፍ ነው። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ስለነበር አንዱ በሽተኛውን፣ ሌላዋ እናትና ሕፃኑን፣ ሦስተኛው ምንጩንና መፀዳጃውን ያያል። አንድን መንደር በሦስት ሙያ ዓይን ማየት ለመጽሔት አዘጋጅም የሚመከር አሠራር ነው።

በ1996 ደግሞ በዳባት የነዋሪዎችን ጤናና ሕይወት በቋሚነት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ ተጀመረ። በአካባቢው የሚሠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ መፍለስንና መስፈርን ይመዘግባሉ፤ ሰው ሲሞትም ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ምልክቶች ጠይቀው የሞቱን ምክንያት ለመለየት የሚረዳ መረጃ ያሰባስባሉ። በዚህ መረጃ ላይ የሕዝብ ጤና፣ የነርሲንግና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ብዙ ጥናት አሳትመዋል። ይሁንና ጥናቶቹ የሚወጡት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ልጇ ከተመዘገበባት እናት ቤት ውጤቱ በአማርኛ ተመልሶ ሲገባ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው። የምሩቃን መጽሔት ሊሞላው የሚችለው ክፍተት ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚቀሰም ልምድ

የራስን አካባቢ በተማሪ ብዕር ለመጻፍ የሞከሩ ቀደምት አሉን። በ1950 በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያበረታታው የተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ተማሪዎቹ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ነበሩና ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ልደት፣ ሠርግና ለቅሶ ጻፉ። ወላጅን፣ ጎረቤትን፣ ሽማግሌን መጠየቅ ለእነሱ የምርምር ዘዴ ነበር። ከ1964 ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ሠሩ። የአዲስ አበባው ልጅ ገጠሩን፣ የገጠሩም ልጅ ሌላ ገጠርን አየ።

ደባርቅ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አላት። ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሆነ ከቆላ መጥቶ የደባርቅን ውርጭ የቀመሰ ልጅ የአጎራባቹ የጃናሞራ ወረዳ ልጅ ለምዶት የማያስተውለውን ይጽፋል፤ የጃናሞራው ልጅ ደግሞ መንገደኛ የማያገኘውን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ እትም ጎን ለጎን ቢወጡ አንባቢ ስሜንን ከውስጥም ከውጭም ያያል።

የቀሩት ብዕረኞች

እስካሁን በስማቸው ያልጻፉት ብዙ ናቸው። ዋልያን በየቀኑ የሚያዩት የፓርኩ ስካውቶች፣ የቱሪስት ጓዝ የሚጭኑ ባለበቅሎዎች፣ በ2016 በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ የገቡት ቤተሰቦች፣ ተራሮቹን ትተው እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንና ልጆቻቸው፣ በ2021 በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ የጦርነትን መከራ ያዩ ሁሉ በራሳቸው ብዕር ገና በበቂ አልጻፉም። ሴቶች በተለይ ጎድለዋል፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ጸሐፊዎች ሴት አንዲት ብቻ መሆኗ ራሱ ምስክር ነው።

ስለዚህ አዘጋጆችን የምለምነው አራት ነገር ነው። ከየሙያው ጸሐፊ ፈልጉ፤ ሁሌም ከመምህራን ብቻ አትቀበሉ። መጻፍ የማይችለውን አባት ወይም እናት ምሩቁ ልጅ ቃሉን ተቀብሎ ይጻፍለት፤ ስሙም በባለቤትነት ከላይ ይውጣ። በእንግሊዝኛ የታተመውን የዳባት ጥናት አጥኚው ራሱ በሁለት ገጽ አማርኛ እንዲያቀርበው ጠይቁ። በየጽሑፉ ግርጌም ጸሐፊው ምን ሠርቶ እንደሚያድር ይገለጽ፤ አንባቢ ከየት ቆሞ እንደሚያይ ይወቅ።

አንተም፣ አንቺም የእነዚህ ግቢዎች ምሩቅ ከሆናችሁ፣ ሥራችሁ ለመጻፍ የማይመጥን እንዳይመስላችሁ። የስሜን ታሪክ እስካሁን የተጻፈው በወይን ነጋዴ፣ በደብተራ፣ በዋርደንና በነርስ እጅ ነው። ቀጣዩን ምዕራፍ እናንተ ጻፉት።