ሲቪሽ ላይ «ሁሉንም እሠራለሁ» አትበይ፤ ሙያሽን በስሙ ጥሪው

ዱባይ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሥራ ለሚቀይሩ እህቶች በበጎ ፈቃድ ሲቪ አጻጻፍ አሳያለሁ። ከሚላኩልኝ ሲቪዎች ብዙዎቹ ላይ «ሁሉንም ሥራ እሠራለሁ» የሚል አለ። ሠራተኛ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን «ናኒ»፣ «ምግብ አብሳይ»፣ «አረጋዊ ተንከባካቢ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ቃሉ ሲቪሽ ላይ ከሌለ አንቺን አያገኝሽም።

ቃሉን ከማስታወቂያው ውሰጂ። አራት አምስት የሥራ ማስታወቂያ አንብቢ ወይም አስነብቢ። የሚደጋገሙትን ቃላት ጻፊያቸው። ከነዚያ ውስጥ በእውነት የሠራሽውን ምረጪና እንዳለ አስገቢው። እነሱ «ናኒ» ካሉ አንቺም «ናኒ» በዪ።

ቃሉን በሥራ ደግፊው። «ልጅ እጠብቃለሁ» ከምትዪ እንዲህ በዪ፦ «ናኒ፣ 3 ዓመት። የ8 ወር ሕፃንና የ5 ዓመት ልጅ። ጡጦ ማዘጋጀት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት።» አንዲት እህት ሲቪዋ ላይ የጻፈችው «ጽዳት» ብቻ ነበር። ስጠይቃት ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ የማይነሱ የአሠሪዋን እናት ስታገላብጥ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ስትሰጥ፣ ስኳር ስትለካ ነው የኖረችው። ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ስም አለው።

ያልሠራሽውን አትጻፊ። «ዓረብኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ» ካልሽ በስልክ ቃለ መጠይቁ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። «ዓረብኛ እግባባለሁ፣ ማንበብ አልችልም» ማለት ይሻላል። አራስ ይዘሽ ሳታውቂ «አራስ እይዛለሁ» ካልሽ ደግሞ አደጋው ለሕፃኑም ላንቺም ነው።

ሲቪሽና ውልሽ አንድ ቃል ይናገሩ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞችን ሥራ በ19 ሙያዎች ከፍሎ ያስቀምጣል። በ2022 የወጣው 9ኛው የፌዴራል ድንጋጌ አሠሪ ያለ ፈቃድሽ ከተስማማሽበት ሙያ ውጪ እንዳያሠራሽ ይከለክላል። ሲቪሽ «ምግብ አብሳይ» እያለ ውሉ «ሀውስሜድ» ካለ፣ ሳትፈርሚ ጠይቂ። ኤጀንሲ ከሞላልሽም ኮፒውን ተቀብለሽ የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ። ሥራ ለማስገባት ከሠራተኛዋ ገንዘብ መቀበል እዚያው ሕግ ላይ ክልክል ነው።

የፓስፖርትና የኤምሬትስ አይዲ ቁጥርሽን ሲቪ ላይ አታስፍሪ። ሲቪ ብዙ እጅ ይዞራል።

መጻፍ ከከበደሽ ዛሬ ማታ ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂ። ከጠዋት እስከ ማታ የሠራሽውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገሪ፦ «ቀሰቀስኩ፣ ቁርስ ሠራሁ፣ ተኮስኩ፣ ልጁን አስጠናሁ።» መልሰሽ አዳምጪው። ሲቪሽ ላይ የሚገቡት ቃላት እዚያ ውስጥ አሉ።