ፋንተም፦ የሌለው ነገር ስም

በማቴዎስ ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ጌታ ሌሊት በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው በድንጋጤ ይጮኻሉ። ያዩ የመሰላቸውን ነገር አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምትሀት» ይለዋል። በግሪክኛው «ፋንታስማ» ነው፤ ሥሩ ከመታየት ጋር የተያያዘ። ይኸው ቃል በላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ አድርጎ እንግሊዝኛ ሲደርስ «ፋንተም» ሆነ፤ የሚታይ፣ እጅ ሲዘረጉለት ግን የማይጨበጥ።

በመናፍስት ታሪክ ውስጥ ከሆነ «ጣረ ሞት» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል። ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ቃሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሰው ሌሊት ተረከዙን ይበላዋል። ሊያክ እጁን ሲሰድ የሚያገኘው አንሶላ ነው። እጁን ያጣው ደግሞ ጣቶቹ ተጨብጠው ጥፍሩ መዳፉን ሲወጋው ይሰማዋል፤ እንዳይፈታው የሚፈታው ጣት የለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይለስ ዊር ሚቸል በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን አክሞ ነበርና፣ በ1871 እ.ኤ.አ. ይህን «ፋንተም ሊምብ» አለው።

የሌለው እግሩ ነው፤ ሕመሙ አለ። በአንጎል ውስጥ ለእግሩ የተያዘው ስፍራ ከእግሩ ጋር አብሮ አይቆረጥም። ስለዚህ «ፋንተም ፔይን»ን «ምናባዊ ሕመም» ብሎ መተርጎም በሽተኛውን ዋሾ ማድረግ ነው። እኔ «የተቆረጠ አካል ሕመም» እላለሁ፤ ቢረዝምም ሰውየውን ያምነዋል።

በ1990ዎቹ የአንጎል ተመራማሪው ራማቻንድራን ካሊፎርኒያ ውስጥ በሣጥን መሐል መስታወት አቆመ። በሽተኛው ደህና እጁን በመስታወቱ በኩል ያስገባል፤ ምስሉም የጎደለው እጅ ይገኝበት የነበረው ቦታ ላይ ይታየዋል። ደህናውን ጭብጥ ሲፈታ የሌለውም ሲፈታ ያያል። ሁሉንም አላዳነም፤ ሆኖም አንዳንዶች ለዓመታት እንደተጨበጠ የኖረው እጃቸው ሲላላ ተሰማቸው። ምትሀትን በምትሀት ማከም ይሉሃል ይህ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ይገለበጣል፦ ያለ፣ ግን የማይታይ። «ፋንተም ፓወር» ለኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚላክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት የሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ድምፁ በሚመጣበት በዚያው ገመድ ስለሚሄድ ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ የለውም። ሚክሰሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን የረሳ ግን ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ያያል እንጂ በጆሮ ማዳመጫው ምንም አይሰማም።