«ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ

ጉቦ ሲሰጥ ሰጪም ተቀባይም ጥፋተኞች ስለሆኑ ሁለቱም አፋቸውን ይዘጋሉ። ደረሰኝ አይቆረጥም፣ ምስክር አይጠራም። ከዓመታት በኋላ በግልጽ የሚታየው ፎቁ፣ መኪናውና የባንክ ሂሳቡ ብቻ ነው። «ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝ» የሚባለው ወንጀል የተፈጠረው ከዚህ ችግር ነው። ሕጉ ጉቦው መቼና ከማን እንደተወሰደ አይጠይቅም፤ የመንግሥት ሠራተኛው ከገቢው ጋር የማይመጣጠን ሀብት እንዴት እንዳገኘ እንዲያስረዳ ይጠይቃል እንጂ።

የሕጉን ጉልበትም ገደብም አጉልቶ የሚያሳየው የሆንግ ኮንግ ታሪክ ነው። ፒተር ጎድበር በብሪታንያ ትተዳደር በነበረችው ሆንግ ኮንግ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲመረመር ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ተገኘበት። ይህ ከ1952 ጀምሮ ካገኘው የተጣራ ደመወዝ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። የሆንግ ኮንግ የጉቦ መከላከያ ሕግ ምንጩን እንዲያስረዳ ያስገድደው ነበር፤ እሱ ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እንግሊዝ ኮበለለ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሀብትን አለማስረዳት በራሱ ወንጀል ስላልነበረ በዚያ ክስ አሳልፎ መስጠት አልተቻለም። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ ነጻ የሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበር በ1975 የተመለሰው የጉቦ ማስረጃ ከተገኘበት በኋላ ሲሆን አራት ዓመት ተፈረደበት።

በእኛ አገር ይህ ወንጀል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 419 ተደንግጎ ነበር፤ የሙስና ጉዳዮች ለብቻቸው በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ሲጠቃለሉም አብሮ ተካቷል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 20 አገሮች እንዲህ ያለ ወንጀል መደንገግን እንዲያስቡበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን «ከሕገ መንግሥታቸው ጋር እስከተጣጣመ ድረስ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል።

የሕግ ምሁራን የሚከራከሩት በዚህ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(3) ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይናገራል። ታዲያ «አስረዳ፣ ካላስረዳህ ትታሰራለህ» ማለት ይህን መብት አይጥስም? ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። የፖርቹጋል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የዩክሬን ደግሞ በ2019 እንዲህ ያሉ ድንጋጌዎችን ውድቅ አድርገዋል። የሊቱዌኒያው በ2017 እ.ኤ.አ. ድንጋጌውን ደግፏል። ለእኔ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት የሆንግ ኮንግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. የሰጠው ትንታኔ ነው። በዚያ ውሳኔ መሠረት ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹን ሀብት መጠን፣ ሕጋዊ ገቢውንና በሁለቱ መካከል ያለውን አለመመጣጠን ጥርጣሬ በማያስቀር ማስረጃ ማሳየት አለበት። የማስረዳት ሸክሙ ወደ ተከሳሹ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ወርኃዊ ደመወዙ 15 ሺህ ብር የሆነ ሠራተኛ አለ እንበል። ምንም ሳያወጣ ቢያስቀምጥ እንኳ በ10 ዓመት የሚያጠራቅመው 1.8 ሚሊዮን ብር ነው። የ20 ሚሊዮን ብር ቤት ቢኖረው «ከየት?» ብሎ መጠየቅ ግፍ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ግን ሰውዬው ሥራ ሲጀምር ምን እንደነበረው፣ የባለቤቱ ገቢ ስንት እንደሆነ፣ ውርስ ደርሶት እንደሆነ ሳያጣራ ቤቱን ብቻ ይዞ ከመጣ የመጀመሪያውን ሥራውን አልሠራም። ፍርድ ቤትም እዚህ ላይ ሊለሳለስ አይገባም።

የሰዎችን ኑሮ ስናይ ነገሩ ይወሳሰባል። አብዛኛው ሀብታችን ወረቀት የለውም። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ነጋዴ ያለው ማስረጃ የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተርና የዕቁቡ ዳኛ ቃል ነው። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት የላከችው ገንዘብ በባንክ ሳይሆን በጥቁር ገበያ ከመጣ፣ ወንድሟ እውነቱን ሲናገር ከሙስና ክስ ቢያመልጥም የውጭ ምንዛሪ ደንብ መጣሱን በገዛ አፉ ያምናል። ይህ ለንጹሕ ሰው ከባድ ወጥመድ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ ጥያቄውን ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ ወደ ሌላውም ሰው ስላሰፋውና ወደ ኋላ 10 ዓመት እንዲመለከት ስላደረገው ጭንቀቱ የብዙ ቤተሰብ ሆኗል።

የመንግሥት ሠራተኛውን በተመለከተ ግን መፍትሔው አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕጉ የተዘረዘሩ ሠራተኞች ሀብታቸውን በፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲያስመዘግቡና በየሁለት ዓመቱ እንዲያድሱ ያዛል። ሥራ ሲጀምር የተመዘገበ ሀብት ካለ ዐቃቤ ሕግ መነሻ አያጣም፤ ንጹሑ ሠራተኛም መከላከያ ይኖረዋል። ለዚህ ግን ምዝገባው መጣራት አለበት። የተሞላውን ቅጽ ከመሬት መዝገብና ከባንክ ሂሳብ ጋር የሚያመሳክር ከሌለ ሐሰተኛም እውነተኛም ቅጽ አንድ ሆኖ ይቀመጣል። ለተጨማሪ ሥልጣን ከሚወጣ አዋጅ ይልቅ ይህ አሰልቺ የማመሳከር ሥራ ገንዘብና የሰው ኃይል ቢመደብለት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ለቤተሰብ ሁሉ ሊነገር ይገባል። «እህቴ፣ ካርታው በአንቺ ስም ይውጣልኝ» ሲባል በይሉኝታ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው። አንቀጽ 419 ይህንንም አስቦበት ነበር፤ ንብረቱ በዝምድና ወይም በቅርበት ምክንያት በሌላ ሰው ስም ተይዟል ብሎ ፍርድ ቤት ለማመን በቂ ምክንያት ካገኘ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የተከሳሹ ንብረት እንደሆነ ይገመታል። በእርግጥ በራሷ ገንዘብ የገዛች እህት የሽያጭ ውሏንና ክፍያውን የፈጸመችበትን የባንክ ወረቀት አቅርባ ግምቱን ማፍረስ ትችላለች። በይሉኝታ የፈረመችው ግን የምታቀርበው ወረቀት አይኖራትም።