ጋርብል፦ ከወንፊት የወጣ ቃል

በሮቤና በጎባ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ «ጋርብል» የሚለውን ቃል ቢያገኝ፣ መዝገበ ቃላቱ «መልእክትን ማዛባት» ብሎ ይፈታለታል። «ጋርብልድ» ሲባል ደግሞ ተዛብቶ የደረሰ ማለት ነው። የቃሉ የዘር ሐረግ ግን ከቤታችን ሩቅ አይደለም።

ቃሉ ወደ አውሮፓ የገባው ከዐረብኛ ነው። «ጊርባል» ወንፊት፣ «ገርበለ» ደግሞ ነፋ ማለት ነው። በቅመማ ቅመም ነጋዴዎች በኩል ወደ ጣልያንኛ፣ ከዚያም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። ያን ጊዜ ትርጉሙ ቅመምን ከቆሻሻ መለየት ነበር፤ ለንደን ውስጥም ለዚሁ ሥራ የተሾመ የቅመም መርማሪ ነበረ። በኋላ ግን ሰዎች ከሌላው ንግግር የሚስማማቸውን ብቻ እየመረጡ የቀረውን ሲጥሉ ድርጊቱ በዚሁ ቃል ተጠራ። በመስመር ብልሽት የተደበላለቀ የቴሌግራምና የራዲዮ መልእክትም ይኸው ስም ተሰጠው። እነሆ የማጥራት ቃል የማበላሸት ቃል ሆነ!

ስንዴና ገብስ በሚመረትበት በባሌ ደጋ ወንፊትን የማያውቅ ቤት የለም። በአፋን ኦሮሞ «ጊንጊልቻ» ይባላል። ወንፊት ዱቄቱን ያሳልፋል፣ ገለባውን ያስቀራል፤ ከሁለቱ የትኛው ወደ ማዕድ እንደሚቀርብ የሚወስነው ግን የያዘው ሰው ነው። ወሬም እንዲሁ ነው።

መልእክት በሁለት መንገድ ይዛባል። አንደኛው ያለ ክፋት የሚመጣ ነው። ከጅዳ የሚደውል ወንድም «በስምንት ሰዓት እደውላለሁ» ሲል በዚያ አገር አቆጣጠር ጠዋት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ሮቤ ያለችው እናት ግን ከቀትር በኋላ ትጠብቀዋለች። የስልኩ ድምፅ ሲቆራረጥ ደግሞ «አትሽጡት» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ቢጠፉ «ሽጡት» ሆኖ ይደርሳል፤ በሬው ተሸጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው አስቦ መቁረጥ ነው። በሱረቱል ማዑን ለሰጋጆች የተነገረውን ማስጠንቀቂያ አንብቦ፣ ከሶላታቸው ስለሚዘናጉት የሚናገረውን ተከታይ አንቀጽ የሚተው ሰው ያነበበው ቃል እውነት ነው፤ ያደረሰው መልእክት ግን ሐሰት ነው።

የዚህ ጉዳት ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ከተማ ለጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች «ሕፃናትን የሚመርዝ ክትባት ይሰጣሉ» ተብሎ ተወራባቸው። የተሰበሰበው ሕዝብም ሁለቱን ገደለ። ጥናት የነበረው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መርዝ ሆነ። ከዚያ በኋላ እውነቱ ቢታወቅ ለሟቾቹ ምን ይጠቅማል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ፣ እምነት የማይጣልበት ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። የሐዲስ ሊቃውንትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ ሐዲሱን ብቻ ሳይሆን፣ ማን ከማን እንደሰማው ሰንሰለቱን ጭምር መርምረው ጽፈዋል። አማርኛችንም ለውኃም ለወሬም «ማጣራት» የሚለውን አንድ ቃል መጠቀሙ ትምህርት አለው።

እንግዲህ ወላጆችና ወጣቶች፤ በስልካችሁ የደረሰውን ድምፅ ወደ ሌላ ከመላካችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አድምጡት። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ ተናገረው? ከፊቱና ከኋላው ምን ነበረ? ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓት ስትነግሩ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» በሉ። መልሱን ካላገኛችሁ መልእክቱ እናንተ ዘንድ ይቅር። ወንፊት በእያንዳንዳችን እጅ ነው፤ ገለባውን ጥለን ዱቄቱን እናሳልፍበት። ወላሁ አዕለም።